ከዳልቻ አፍ የጎረሰችው ሚዳቋ

መቼም የሚያውቀኝ ያውቀኛል፣ ቡዳ በላው፣ ዛር ሰፈረበት ሲሉኝ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ጸሎቴን አድርሼ እተኛለሁ እንጂ ከዚያ ወዲያ ላለው ወሬ ጆሮ አልሰጥም። ይህን ግን በዓይኔ አየሁት፣ ወዳጄ፣ ባላየው በወደድሁ።

ጣልያን ደብረ ታቦር በሰፈረ ጊዜ ነው። ታላቅ ወንድሜን ታደለን ለአርበኞች ስንቅ አቀብለሃል ብለው ጦር ሰፈሩ ውስጥ አሰሩት። እናቴና እኔ ጋፋት ካለው ቤታችን ምግብ ይዘን እንመላለሳለን፣ አንዳንዱን ቀን ያሳዩናል፣ አንዳንዱን ቀን በሰደፍ ይመልሱናል። የሰፈሩ ሹም ደግሞ ከጉና ተራራ በወጥመድ የተያዘች ሚዳቋ በሽቦ አጥር ውስጥ ያኖር ነበር፣ አንገቷ ላይ ቀይ ጥብጣብ አስሮላታል፣ ሰው እየሰቀለ ለሚዳቋ የሚያለቅስ ጉድ ነው እንግዲህ። ሚዳቋዋ የታችኛውን አገር ሣር ስትግጥ ሆዷ ተነፋ፣ ቀጥላም መብላቱን ተወችው። ሹሙ በአስተርጓሚ «ላዳናት ሰው የጠየቀኝን አደርግለታለሁ» አለ። ምን እንደምጠይቅ ታውቃለህ።

ለእናቴ ስነግራት «ሆዷ የሚያውቀው የጉናን ሣር ነው እኮ፣ ልጄ» አለች። «ከይፋግ ገበያ በሬ ስንገዛ ምን እናደርጋለን? ከዳልቻ አፍ ቀንሰህ አጉርሳት።»

በእኛ አገር እንዲህ ነው፣ ከቆላ የመጣ ከብት የደጋው ሣር አልስማማ ሲለው፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገ በሬ ሲያመሰኳ ጠብቀን ያኘከውን ከአፉ አውጥተን ለእንግዳው እናጎርሰዋለን፣ ሆዱ አገሩን ይለምዳል። ለዱር አውሬ ግን እንዲህ ያደረገ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ዳልቻ የእርሻ በሬያችን ነው፣ ያኘከውን በቅጠል ጠቅልዬ፣ ሙቀቱ ሳይለቀው ሮጬ ወስጄ አጎረስኳት። በማግስቱ ቆመች፣ ውላ አድራም ታመሰኳ ጀመር። ሹሙ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ነገ ጠዋት መጥተህ ወንድምህን ውሰድ» አለኝ።

ያን ዕለት ማታ፣ ገና ራት ሳንበላ፣ ከጋጣው የማኘክ ድምፅ ይሰማኛል። ዳልቻ ነው፣ ምን ይገርማል አልሁ። ቆይቼ ሳዳምጥ ግን የሚያኝከው ሁለት መንጋጋ ነው፣ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ እኛ ደግሞ ያለን አንድ በሬ ነው። ጭራሮ ለኩሼ ገባሁ። እመነኝ፣ ሚዳቋዋ ከነቀይ ጥብጣቧ ከዳልቻ ጎን ተኝታለች፣ የሁለቱ መንጋጋ እኩል ይሄዳል፣ እኩል ያርፋል። የግቢው በር እንደተዘጋ ነው፣ ውሻችንም አልጮኸም። ያቺ ሚዳቋ ጋፋትን በሕልሟም አታውቅም! «ዳልቻ» ብዬ ስጣራ ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ሮጬ ወጥቼ እናቴን ጠራኋት።

እናቴ «አሁኑኑ ይዘሃት ሂድ፣ ልጄን ሊጨርሱብኝ ነው!» ብላ ጮኸች። ገመድ ስፈልግ ባንዶቹ በዱካዋ ደረሱ። ምን ብዬ ላስረዳ? ከበሬያችን አፍ ቀምሳ ቤቱን ለመደች ልበል? «ሹሙ ያደረገልህ አንሶህ ሰረቅህበት» ብለው ገረፉኝ፣ ሚዳቋዋንም ተሸክመዋት ሄዱ። ሲነጋ ታደለን ከሌሎች እስረኞች ጋር በመኪና ጭነው ወሰዱት። ወዴት እንደሆነ የነገረን የለም፣ እሱም አልተመለሰም።

አጥሩን ኋላ ሄጄ አይቼዋለሁ፣ አንድም ሽቦ አልተቆረጠም፣ የሚዘለልም አልነበረም። እንዴት ወጣች፣ ቤታችንንስ ማን አሳያት?

ጣልያን ከወጣ በኋላ እናቴ ሲመሽ ደጅ መቀመጥ ለመደች። አንድ ቀን ብርዱ ጸንቶ «ግቢ እንጂ እማዬ፣ ማንን ትጠብቂያለሽ?» ብዬ ተቆጣኋት። ቀና ብላ አየችኝ።

«የዱር አውሬዋ አንድ ጉርሻ ቀምሳ ቤታችንን አገኘችው» አለች። «ዕድሜውን ሙሉ ከእጄ የጎረሰውን ልጄን ምን ቢያደርጉት ነው መንገዱ የጠፋው?»

እኔም ከጎኗ ተቀመጥሁ።