እጅግ የመረረው ሐረግ

«ገልብጠሽ አስቀምጠሽው ይሆናላ!» አለች ፊዳ። «ወይ ደግሞ መብራቱ ተበላሽቷል።»

መብራቱ አልተበላሸም። አናጋ ከሐምራዊው ብርሃን ሥር ያለውን የመስታወት ሰሌዳ ጎንበስ ብላ ለሦስተኛ ጊዜ አየችው። ሰሌዳው ላይ የተክል ጭማቂ የተዋቸው ስምንት የነጠብጣብ መስመሮች ተሰልፈዋል። የመጀመሪያው ያሉበት የምርምር ተቋም ማመሳከሪያ፣ ትክክለኛው ናሙና ነው። ሰባቱ ደግሞ እሷና ፊዳ ለአሥረኛ ክፍል የሳይንስ ውድድር ከሰባት ቤት የሰበሰቡት አምሩት ነው፤ መንደራቸው ለትኩሳትም ለስኳርም ለቁርጥማትም እየቀቀለ የሚጠጣው ሐረግ። የስድስቱ ነጠብጣቦች ከማመሳከሪያው ጋር እኩል ቆመዋል። ሰባተኛው ግን ከማንም ጋር አይገጥምም።

ሰባተኛው የመጣው ከአናጋ ቤት ነው። የአካባቢው ሰው ሁሉ መድኃኒት ፍለጋ ከሚመጣበት፣ ከአባቷ ከሱኩማራን ግቢ።

«ግንዱ ተርፏችኋል?» አሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ሙከራቸውን ለተማሪ የሚከፍቱት ዶክተር ሱማንጋላ።

ፊዳ ከቦርሳዋ ጣት የሚያህል ቁራጭ አውጥታ ሰጠቻቸው። ዶክተሯ አውራ ጣታቸውን ግንዱ ላይ አንድ ጊዜ አሳለፉና ፊታቸው ተቀየረ።

«ይሄን ኪንታሮት የመሰለ እብጠት አላያችሁም? ይሄ አምሩት አይደለም። ዘመዱ ነው። ቅጠሉ ቁርጥ አምሩትን ነው፤ ምሬቱ ግን ይብሳል።»

«ይጎዳል እንዴ?» አለች አናጋ።

«ጉበታቸው ታሞ ሆስፒታል የገቡ ሰዎች ላይ ይሄንኑ የጠረጠሩ ጥናቶች አሉ። ገና ያልተረጋገጠ ብዙ ነገር አለ። ቢሆንም እኔ ለማንም አላጠጣም።» ዶክተሯ ቁራጩን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉት። «ያናድዱኛል! ግማሹ ‹ቅጠል ምን ይጎዳል› ይለኛል፤ እባብስ ከፋብሪካ ነው የወጣው? ግማሹ ደግሞ ‹የድሮ ሕክምና ተረት ነው› ብሎ ይስቃል። አንዱም ጎንበስ ብሎ ግንዱን አያይም! ለመሆኑ ከዚህ የሚጠጣ ሰው አለ?»

አናጋ ቁራጩን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችው።

ከሁለት ክረምት በፊት ጎርፉ የግቢያቸውን አሮጌ ሐረግ ሲወስደው አባቷ እንደ ሰው አልቅሶለታል። አምሩት አይገዛም፤ ከሰው ግቢ ወይ ከዱር ቁራጭ ተለምኖና ተቆርጦ ነው የሚተከለው። በትምህርት ቤት ጉዞ ላይ ከመንገድ ዳር አጥር ይሄን የልብ ቅርጽ ያለው ቅጠል አይታ፣ በእርጥብ ካልሲ ጠቅልላ ያመጣችው አናጋ ነበረች። አባቷ ጫፉን አኝኮ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ፈገግ አለ። «እንዲህ የመረረ በዕድሜዬ አልቀመስኩም!» አለ። የመረረ ሁሉ ያድናል ብሎ ያምናል፤ የበለጠ የመረረ የበለጠ ያድናል ብሎ። በዚያው ቀን ከኒሙ ዛፍ ሥር ተከለው።

ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ፊዳ ወደ አናጋ ጆሮ ጠጋ አለች።

«ስሚኝ፣ ሰባተኛው ሻግቶ ነበር እንላለን። ስድስት ይበቃናል።»

«ውሸት?»

«ታዲያ አባትሽን በአውራጃው ሕዝብ ፊት በውድድሩ ፖስተር ልስቀልልሽ? እኔኮ ለአንቺ ብዬ ነው!»

አናጋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

አባቷ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሥር ሲከትፍ ደረሰች። ሁሉንም ቆማ ነገረችው። መጀመሪያ ሳቀ።

«የመስታወት ነጠብጣብ እኔን አምሩት ሊያስተምረኝ!»

«እሺ፣ መስታወቱን ተወው። ግንዱን ንካው፣ አባዬ።»

እየሳቀ ተነስቶ ወደ ኒሙ ሄደ። አውራ ጣቱ ግንዱ ላይ ወረደ፣ ወጣ፣ ቆመ። ሳቁ የት እንደገባ አናጋ አላየችም። ያየችው ያው አውራ ጣት እብጠቶቹን አንድ በአንድ ሲዳስስ ነው።

«ለኦማና...» አለና መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። «ደከመኝ፣ ያቅለሸልሸኛል ስትለኝ... እጥፍ እንድትጠጣ ያደረግኋት እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት ሆኗታል።»

አናጋ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ኦማናን ሰፈሩ ሁሉ «ቼቺ» ይላታል፤ እንደ ታላቅ እህቱ ነው የሚያያት። ለአባቷ መድኃኒት ደግሞ ምስክር የምትቆም ሴት ናት።

«ዛሬውኑ እቆርጠዋለሁ» አለ አባቷ ቀና ሳይል። «ደረቀ እንላለን። ለሁሉም ሌላ መድኃኒት እቀይርላቸዋለሁ። ሰው ማወቅ የለበትም።»

«ጉበቷስ?»

«አናጋ!»

«ጉበቷስ፣ አባዬ? ምን እንደጠጣች ካልነገርናት ሐኪሞቹ በምን ያውቃሉ?»

«አምስት ትውልድ ሙሉ በዚህ ቤት...» አለ አባቷ።

አናጋ ቀጥሎ የሚመጣውን ጠበቀች። አንቺ አይደለሽ እንዴ ያመጣሽው ይላታል ብላ ጠበቀች። አላለም። በደንብ ያስታውሳል፤ ከዓይኑ አንብባዋለች። ግን አላለም። ቢላት ይሻላት ነበር።

ቢላዋውን ሊያመጣ ወደ ቤት ሲገባ፣ እሷ የግቢውን በር ከፍታ ወጣች።

ኦማና ቼቺ ከቤተ መቅደሱ ማዞሪያ ላይ የሎተሪ ቲኬቶቿን ዘርግታ ተቀምጣለች። «የመድኃኒት አዋቂው ልጅ!» ብላ ከሩቅ ተጣራች። «ነይ፣ ነይ! ምነው፣ ጅብ ያባረረሽ መሰልሽ?»

ፀሐዩ ፊት ለፊት ይመታት ነበር። የዓይኗ ነጩ ነጭ አልነበረም። እርድ እንደነካው ጨርቅ ቢጫ ሆኗል። አናጋ ትናንትም እዚሁ አልፋለች፤ ከትናንት በስቲያም። ሰላም ብላት አልፋለች። ሰላም ስትላት ዓይኗን አላየችውም ማለት ነው።

«ቼቺ፣ ዛሬ ጠጥተሻል?»

«ምን ጥያቄ ነው? አባትሽ ያዘዘኝን ልተው? ሁለት ብርጭቆ፣ ጥርግ!» አለች ኦማና በኩራት። «መራራነቱ ሲያስጠላ! ግን ለራሴ ብዬ ነው።»

አናጋ እጇን አውጥታ የሚያልፈውን ባጃጅ አስቆመች። ከዚያ ቲኬቶቹን አንድ በአንድ ሰብስባ የኦማና ቦርሳ ውስጥ ከተተቻቸው።

«አንቺ ልጅ፣ አበድሽ? ገበያዬን?»

«ሆስፒታል ነው የምንሄደው። ተነሺልኝ፣ ቼቺ።»

«አባትሽ ነው የላከሽ?»

«አይደለም» አለች አናጋ። ክንዷን ይዛ አስነሳቻት፤ ክንዷ ቀሎባት ደነገጠች። ባጃጁ ውስጥ አጠገቧ ተቀመጠችና፣ ሾፌሩም እንዲሰማት ድምጿን ሳትቀንስ ጀመረች፦ «ከሁለት ክረምት በፊት፣ ከጎርፉ በኋላ፣ ከመንገድ ዳር አንድ ሐረግ ቆርጬ ነበር...»