የበረደው ሙቀት ዳኛ

በቀይ አምባ ከተማ ግድግዳ ይናገራል፤ ጉድ የሚል የለም። ማርስ ላይ ውጪው ከዜሮ በታች ስልሳ ዲግሪ ሲሆን፣ ሰውን በሕይወት የሚያቆየው ይኸው ተናጋሪ ነው። ነዋሪው «ሙቀት ዳኛ» ይለዋል፤ የቤቱን ሙቀት እየለካ ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋ፣ መዳፍ የሚያክል ሣጥን ነው።

የጋሽ ይርዳው ሙቀት ዳኛ ግን አስቸገረ። የሰፈሩ የጥገና ባለሙያ ትርሲት በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ቀየረችው። ዛሬ ሦስተኛውን ልትሰካ መጣች። ደንቡ ደግሞ ጨካኝ ነው፤ ሦስተኛውም ከተበላሸ ቤቱ ይዘጋል፤ ጡረተኛው ጉድጓድ ቆፋሪ አርባ ዓመት የኖሩበትን ትተው የጋራ መጠለያ ይገባሉ።

«ከዚህ ቤት የምወጣው በሬሳ ሣጥን ነው ልጄ» አሉ ጋሽ ይርዳው፣ በስስ ሸሚዝ እየተንቀጠቀጡ።

«ኧረ አያሟርቱ ጋሼ!»

ሽቦውን ፈተሸች፤ ደህና ነው። ማሞቂያውን በእጇ አበራችው፤ ይሠራል። የተነቀለው ሙቀት ዳኛ የመዘገበውን ስታነብ ግን ግራ ገባት፤ ቤቱ ዘጠኝ ዲግሪ ሆኖ ሳለ፣ እሱ ሃያ አራት እያለ ከርሟል። አዲሱን ሰካች።

«ብርድ ነው፤ ዘጠኝ ዲግሪ» አለ አዲሱ።

ትርሲት ዕቃዋን እየሰበሰበች በጎን ታያለች። ጋሽ ይርዳው ቀስ ብለው ተነሡ፤ ጋቢያቸውን ከወንበሩ አንሥተው ሙቀት ዳኛውን ጥቅልል አደረጉት።

«ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው?»

«አልሰማሽም እንዴ? ባለፈው ወር አውሎ ነፋስ የመጣ ቀን ማሞቂያው ቆሞ፣ ብርድ ነው፣ ብርድ ነው ሲል አንጀቴን በላው። እኔስ ሸሚዝ አለኝ፤ እሱ ምን አለው?»

«ታዲያ እኔ ስመጣ ጋቢውን አላየሁትም!»

«አወልቅለታለሁ። ሐኪም ፊት ልብስ ይወለቃል።»

ትርሲት በሳቅ ፈረሰች። የሣጥኑ የራሱ ሙቀት ጋቢው ውስጥ እየታመቀ፣ ቤቱ የሞቀ መስሎት ማሞቂያውን ያጠፋ ነበር! ሳቋ ሲበርድ የጥገና ቅጹን አወጣች። ለሰው የሚያስብ መሣሪያ የሠሩት መሐንዲሶች፣ ሰው መልሶ ያስብለታል ብለው አልጠረጠሩም።

ቅጹ «የመሣሪያ ስህተት ወይስ የሰው?» ይላል። የሰው ካለች ሽማግሌው ብቻቸውን መኖር አይችሉም ተብለው ይወሰዳሉ። ጋቢውን ገልጣ የሙቀት ዳኛውን ንግግር ቀየረች።

«እኔ አይበርደኝም። ጋቢውን እርስዎ ይልበሱት» አለ ሣጥኑ።

ጋሽ ይርዳው አፈጠጡበት። «እውነትህን ነው? ይሉኝታ ይዞህ እንዳይሆን!»

«እውነቴን ነው።»

ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ማሞቂያው ሥራውን ጀመረ።

ትርሲት «የመሣሪያ ስህተት» ላይ ምልክት አደረገች። ከሥሩም ጻፈች፦ «ለሚያስብለት ሰው፣ ደህና ነኝ ማለት አያውቅም ነበር።»