ከቡና መቀሸሪያው ጎን ቤት የገዛሁበት ምክንያት

እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን አስቡ። የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ፣ ያውም ግትር፣ ተማሪ "ገምቼ ነው ያገኘሁት" ካለኝ መልሱ ትክክል ቢሆን እንኳ ዜሮ የምሰጥ ዓይነት፤ ባልደረቦቼ ስለ ጋኔን ስለ ዛር ሲያወጉ "የት አየኸው? በስንት ሰዓት? ጠጥተህ ነበር?" እያልኩ ወሬያቸውን ስለማበላሽባቸው፣ እኔ ብቅ ስል ጨዋታ ይቀይሩ ነበር። ደግሞ የሰው ሁሉ ታሪክ እኩለ ሌሊት ላይ ነው፣ የእኔ ግን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፣ ምሳ በልቼ፣ አንድ ብርጭቆ ጠላ እንኳ ሳልቀምስ። እመኑኝ፣ ባልነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው፣ ከነገሌ ቦረና ወደ ዲላ የተዛወርኩት። ዝውውሩን የጠየቅሁት እኔው ነኝ። ነገሌ ላይ ልጃችን ደጀኔ በኩፍኝ ሞተብን፣ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ ሌላ ልጅ የለንም። ባለቤቴ አስካለ አላለቀሰችም። ለቅሶ የመጡት ሴቶች ደረታቸውን ሲመቱ እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንግዳ እንደመጣበት ሰው "ኧረ ተቀመጡ፣ ኧረ ውኃ ስጧቸው" ትል ነበር፤ ሰልስቱ ወጣ፣ አርባው ወጣ፣ አንዲት ጠብታ እንባ ከዓይኗ አልወረደችም። የጎረቤት እናቶች ለብቻዬ እየጠሩ "አቶ አበራ፣ ይህ ነገር ደግ አይደለም፣ እንደምንም አስለቅሳት፣ አለዚያ ትታመምብሃለች" ይሉኛል፣ ግን ሰው ሚስቱን እንዴት አድርጎ ነው የሚያስለቅሰው? ቀን በቀን እየሳሳች፣ ድምጿ እየቀነሰ ሄደ። እኔም አገር ብንቀይር፣ በሰው ግቢ በኪራይ ከመኖር የራሳችን ቤት ቢኖረን፣ የምታስተካክለው ግድግዳ፣ የምትጠርገው ደጅ ብታገኝ ትመለስልኛለች ብዬ አሰብኩ። ቤት ፍለጋው ለእኔ ሌላ ምንም አልነበረም።

ዲላ ያን ጊዜ የተማሪ ከተማ ሆና ነበር፣ ከወናጎ፣ ከጨለለቅቱ፣ ከይርጋ ጨፌ ልጆች ቆጯቸውን ተሸክመው እየመጡ ሦስትም አራትም ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፣ ትምህርት ቤቱ አካባቢ ባዶ ቤት ማግኘት ጭንቅ ነው። መምህራኑ ሁሉ ምክር አያልቅባቸውም፣ አንዱ "ከታች እንዳትገዛ፣ ወባ ይጨርስሃል" ይለኛል፣ ሌላው "ከላይ እንዳትገዛ፣ በክረምት በቂጥህ እየተንሸራተትክ ነው ክፍል የምትገባው" ይለኛል፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ደላላው መጀመሪያ ያሳየን ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከቡና መቀሸሪያው ጎን ያለውን ቤት ነው። ቤቱ ደህና ነው፣ ጣሪያው አዲስ ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፤ ግን ቡና የሚፈለፍለው የመቀሸሪያው ማሽን ሲነሳ ግድግዳው ይርገበገባል፣ የገለባው ብናኝ ጉሮሮ ውስጥ ይገባል፣ እርስ በርስ ለመነጋገር መጮህ ያስፈልጋል። አስካለ ጆሮዋን ይዛ ወጣች። ሁለተኛው ከታች ወደ ለገዳራ ወንዝ ወረድ ብሎ ነው፣ ገና በሩን ስንከፍት የወባ ትንኝ በአፋችን ገባ፣ እሱን ምን አወራላችኋለሁ። ሦስተኛውን ደላላው ከትምህርት ቤቱ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ በጣቱ አሳየንና፣ ጫማው አዲስ ስለነበር ጭቃውን ፈርቶ "እናንተ ውጡ፣ ባለቤቱ በራሶ የሚባል ሽማግሌ ነው፣ ይጠብቃችኋል" ብሎን ከታች ቀረ።

ወጣን። ትንሽ የጭቃ ቤት ናት፣ ቆርቆሮዋ የዛገ፣ ከፊት ለፊቷ ጥቂት የቡና ዛፍ፣ ከኋላዋ ደግሞ እንሰት ብቻ፣ ቅጠሉ ከጣሪያው በላይ ሄዷል። በራሶ ረጅም፣ ከሲታ የጌዴኦ ሽማግሌ ነው፣ በሩ ላይ ቆሞ በሁለት እጁ ጨበጠን። "ግባ፣ ግባ፣ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ሚስቴ በሕይወት እያለ በየወሩ ይለቀልቅ ነበር" አለን፣ አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም። ሚስቱ ባለፈው ዓመት እንደሞተች፣ ልጅ እንዳልወለዱ፣ ቤቱን ሸጦ ጪጩ የሚኖረው ወንድሙ ዘንድ ሊገባ እንደሆነ አጫወተን።

አስካለ ቤቱን ወደደችው። ከነገሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጠየቅ ተናገረች፣ "አልጋውን እዚህ ብናደርገው፣ አበራ፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ያገኘዋል" አለችኝ፣ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰችው። እኔ በልቤ ገዝቼ ጨረስኩ። ወዲያው ዝናብ ወረደ፣ የዲላ ዝናብ፣ ቆርቆሮው ላይ ጠጠር እንደሚደፋ ሰው፣ ስለዚህ እስኪያባራ ብለን በራሶ ባቀረበልን አግዳሚ ላይ ተቀመጥን፤ የጓሮው በር ገርበብ ብሏል፣ ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ በበሩ በኩል እንደ መጋረጃ ይታያል።

ዝናቡ ትንሽ ቀነስ ሲል ከጓሮ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ፍቅ፣ ፍቅ፣ ፍቅ፣ ያርፋል፣ እንደገና ፍቅ፣ ፍቅ። እንሰት በቀርከሃ ሲፋቅ የሚሰማውን ድምፅ ታውቁት እንደሆነ እሱ ነው፣ በየገጠሩ መንገድ ሳልፍ እሰማው ነበር። "ዘመድ አለዎት እንዴ በጓሮ? በዝናብ እየሠሩ ነው" አልኩት። በራሶ መሬት መሬት ያያል። እኔ ደግሞ ሁሉን ነገር ሄዶ ማየት የሚወድ ሰው ነኝና ብድግ አልኩ። ሽማግሌው ክንዴን ያዘኝ፣ እጁ ቀዝቃዛ ነበር።

"ተው አስተማሪ። ሴት እንሰት ሲፍቅ ወንድ እዚያ አይሄድም። በእኛ ነውር ነው።"

ደንባቸው እንደሆነ ሰምቼ ነበር፣ ሴቶቹ በሚፍቁበት ቦታ ወንድ ድርሽ አይልም፣ ባልም ቢሆን። ስለዚህ ይቅርታ ጠይቄ ተቀመጥኩ። እና በዚያች ቅጽበት፣ ከፍቅፍቅታው ጎን፣ የልጅ ድምፅ መጣ።

"ኩኩ... ሉ!"

ኩኩሉ ሁላችሁም ተጫውታችኋል። አንዱ ዓይኑን ግድግዳ ላይ ከድኖ "ኩኩሉ" ይላል፣ የሚደበቁት ገና ካልተደበቁ "አልነጋም" ይሉታል፣ ሲደበቁ "ነጋ" ይሉትና ፍለጋ ይወጣል። የእኛ ደጀኔ ከተወለደ ጀምሮ ደረቱ ደካማ ነበር፣ "ኩኩ" ካለ በኋላ አየር ሳብ አድርጎ ነው "ሉ" የሚለው፣ ያችን የምትሰነጠቅ ትንፋሽ ከሺህ ልጅ መካከል እለያታለሁ። ሁልጊዜ ፈላጊው እሱ ነው፣ ተደባቂዋ እናቱ ናት፣ እኔ ደብተር ሳርም ከጎኔ እየመጣ ዓይኑን ወንበሬ ጀርባ ላይ ይከድን ነበር።

መቼም ትሉኛላችሁ፣ ዲላ ሙሉ ልጅ ነው፣ የሆነ የጎረቤት ልጅ ነው። እኔም ለራሴ እሱን አልኩ።

"ኩኩ... ሉ!" አሁን ቀርቧል።

አስካለ ተነሥታ ወደ ጓሮው በር ሄዳ ቆመች፣ ሴት ስለሆነች በራሶ አልከለከላትም። አንገቷን ወደ ውጭ ሰገግ አድርጋ፣ ደጀኔን ምሳ ስትጠራበት በነበረው ድምፅ፣ "አልነጋም!" አለች።

ፍቅፍቅታው ቆመ። እኔ ከተቀመጥኩበት ሆኜ በእሷ ትከሻ በኩል አየሁ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ከጣሪያው ጫፍ የሚወርደው ውኃ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ከበሩ በስተግራ አንድ ቦታ ላይ ግን መሬት አይደርስም። ከመሬት ወደ ላይ ይህችን ታህል፣ የስድስት ዓመት ልጅ አናት በሚደርስበት ከፍታ ላይ ይቆምና ግራና ቀኝ ይበተናል። ከሥሩ ምንም የለም። መሬቱ ደረቅ ነው።

ወደ በራሶ ዞርኩና በሹክሹክታ "ልጅ አለ እንዴ እዚህ?" አልኩት።

"ልጅ የለም። ልጅ እኔ አልሰማም።"

"ታዲያ ምንድን ነው የሚሰሙት?"

"እኔ ሚስቴን ነው የምሰማ" አለኝ፣ ዓይኑ ውኃ ሞልቷል። "ዝናብ ሲመጣ ይፍቃል። ሂድ ሂድ ይለኛል ልቤ። ወንድ እዚያ አይሄድም፣ አስተማሪ። ዓመት ሙሉ እዚህ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። አሁን ደከመኝ፣ ለዚህ ነው የምሸጥ።"

"ኩኩ... ሉ!" ሦስተኛው በሩ ሥር ነበር፣ የትንፋሹ ስንጥቅ ሳይቀር።

አስካለ ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። እንዲህ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም፣ ዓይኗ ተሞልቶ ሊፈስ ትንሽ ነው የቀረው። "አበራ፣ ሰማህ?" አለችኝ። "ሰማህ አይደል?"

ልጄ ነበር፣ ወዳጆቼ። ወይም ልጄ አልነበረም፣ አላውቅም። የማውቀው፣ ፈራሁ። እሷን ይወስድብኛል ብዬ ፈራሁ፣ ከዚያች በር አትመለስም፣ እዚህ ቤት ከገባን ዕድሜ ልኳን ግድግዳ ሥር ቆማ "አልነጋም" ስትል ትኖራለች ብዬ ፈራሁ። በአስተማሪ ድምፄ፣ ጮክ ብዬ፣ "ምንም አልሰማሁም" አልኳት። "ዝናብ ነው። ቅጠል ነው። ነይ እንሂድ።"

ዓይኗ ላይ የሞላው ሲመለስ አየሁት። እንባ ወደ ውስጥ ሲመለስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። እጇን ይዤ ጎተትኳት፣ ሽማግሌውን በቅጡ ሳንሰናበት በጭቃው ቁልቁል እየተንሸራተትን ወረድን፣ ግማሽ መንገድ ላይ ስትደርስ ብቻ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ፣ "ነጋ አላልኩትም እኮ፣ ዓይኑን እንደከደነ ነው" አለች።

በሳምንቱ መቀሸሪያው አጠገብ ያለውን ቤት ገዛሁ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ፣ "ሒሳብ አስተማሪው ዲላን ሙሉ ዞሮ ዞሮ የመረጠው እሪታ ነው" አሉኝ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምን ልበላቸው? እዚያ ቤት ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ሌላ ምንም ነገር አይሰማም፣ የመረጥኩትም ለዚሁ ነው። አስካለ አንድ ቃል አልተቃወመችኝም። ያን ዕለት አልጋው የት እንደሚሆን የተናገረችበት ድምፅ ግን ተመልሶ አልመጣም፣ አልጋውን እኔው ብቻዬን አስገብቼ ደስ ባለኝ ቦታ አደረግሁት።

ከአንድ ወር በኋላ ለብቻዬ ወደ ኮረብታው ወጣሁ። በራሶ ሄዷል፣ ቤቱ ተቆልፏል። ከአጥሩ ማዶ የምትኖረውን ሴት "እዚህ አካባቢ ትንንሽ ልጆች አሉ?" ብዬ ጠየቅኋት፣ "ተማሪ እንጂ ልጅ የለም፣ ጌታዬ" አለችኝ። ጓሮው ሄጄ እስክበሰብስ ድረስ በዝናብ ቆምኩ፣ የሚከለክለኝ አልነበረም። የእንሰት ቅጠል ነው የሰማሁት። ውኃው ከጣሪያው ቀጥ ብሎ መሬት ይደርሳል።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አብረን ኖርን፣ ልጅ አልመጣም፣ እሁድ እሁድ መቀሸሪያው ሲቆም አስካለ የጓሮውን በር ከፍታ ትቀመጣለች፣ እኔ ደግሞ ሰበብ ፈልጌ ከቤት እወጣለሁ። ሳትሸመግል ነው የታመመችው። ሐኪሙ ልብ ነው አለኝ፣ ሐኪም የሚለው አያጣም። ልትሞት ስትቃረብ፣ በአንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ እጄን ያዘችኝና "አሁንስ ንገረኝ፣ ያን ዕለት ሰምተህ ነበር?" አለችኝ።

"ሰምቻለሁ" አልኳት። "ሦስቱንም። ትንፋሹን ሁሉ።"

ትቆጣኛለች ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል፣ አልተቆጣችም። "ያኔ ብትለኝ እኮ አለቅስ ነበር፣ አበራ። አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር" አለችኝ።

እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሷ ፊቷን ወደ ጓሮው በር አዙራ፣ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ ታዳምጥ ነበር፣ አንድ ጊዜም ፈገግ አለችና ልትመልስ አፏን ከፈተች። መቀሸሪያው ቆሟል፣ ቤቱ ጭር ብሏል፣ እኔ ግን ምንም አልሰማሁም። ይህኛው እውነቴን ነው።