አሥራ አንደኛው ትንፋሽ

በዚህ ታሪክ ላይ ቅንጣት ታህል ብጨምር ምላሴ ይቆረጥ!

አውቃለሁ፣ የሚያውቁኝ ሰዎች ገና ከአሁኑ ይስቃሉ። "እሱ ደግሞ ትንኝ አባርሮ አንበሳ ገደልኩ የሚል ሰው ነው" ይላሉ። ይበሉ። የዛሬው ግን በእውነት የደረሰብኝ ነው... አንዲትም ሳልቀባባ።

ዕለቱ ማክሰኞ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ። ውጭ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። እኔ መስኮት በሌለው ስቱዲዮዬ ውስጥ በሩን ዘግቼ ተቀምጫለሁ።

ሥራዬ አሮጌ ቅጂ ማጽዳት ነው። የተንኮሻኮሸ ቴፕ፣ የተጫረ ሸክላ አምጡልኝ፤ ትናንት የተቀዳ አስመስዬ እመልስላችኋለሁ። በዚህ ሙያ የሚስተካከለኝ የለም። ጉንዳን ሲያዛጋ ይሰማኛል።

እሺ፣ የጉንዳኗን ትንሽ አጋንኛታለሁ።

ያን ሰሞን አንድ አሳታሚ ድርጅት የዛሬ አርባ ዓመት የተቀዳ ሙዚቃዊ ተውኔት እንደገና ሊያወጣ አስቦ ዋናውን ቴፕ ሰጠኝ። "የሰዓት ጠጋኙ ሠርግ" ይባላል። አታውቁትም። መድረክ ላይ የቆየው አሥራ ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው። አሥር ዘፋኞች፣ አንድ ፒያኖ፣ በአንድ ቀን ተቀድቶ ያለቀ ሸክላ።

ከአሥሩ ዛሬ በሕይወት ያለችው አንዷ ብቻ ናት።

እታለም። ታላቅ እህቴ። እናታችን ከሞተች በኋላ እጄን ይዛ ያሳደገችኝ።

በመጨረሻው ዘፈን ላይ አራት ስንኝ ለብቻዋ ትዘፍናለች። እኛ ቤት የነበረው ሸክላ ተሰብሮ ዘመን አልፎታል፤ የሷም ደረት ደክሟል። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠርቶ፣ "ብዙ አትገፋም፤ የሚያስደስታትን አድርጉላት" ብሎኛል።

የሚያስደስታት አንድ ነገር ነው። እነዚያን አራት ስንኞች ሳትሞት አንዴ መስማት።

ያን ቀን መጣች። ከኋላዬ ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

"ጀምር እንጂ አንተ ቱልቱላ! ወሬህን ልሰማ ነው ታክሲ የተሳፈርኩት?"

"ቆይ እታለም! ዛሬ የሃያ ዓመት ልጅ አድርጌ ነው የማወጣሽ።"

"ጉልበቴንም አብረህ ካደስክልኝ እሺ።"

ተሳሳቅን። ከቴፑ ወደ ኮምፒውተሬ የገለበጥኩትን ከፈትኩት።

ፒያኖው ቆመ። ከእታለም ስንኞች በፊት ሦስት ሰከንድ ዝምታ አለ። አሥሩም ዘፋኞች አየር ስበው ትንፋሻቸውን ይዘዋል። ሲስቡ ስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። አሥር።

ከዚያ በዝምታው መሀል...

ሽው...

አጭር ናት። ፈጣን። አፍንጫው የተደፈነ ሰው ትንፋሽ።

መለስኩና ደገምኩት። ሽው... አለች።

"ፒያኖ ተጫዋቹ ይሆን?" አልኳት።

"እሱ? እሱማ እንደ በሬ ነበር የሚተነፍሰው።"

"ታዲያ ይሄ አሥራ አንደኛው ማን ነው?"

ዞሬ አየኋት። ሳቋ ጠፍቷል።

"ተዋት" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ምኗን?"

"ያቺን ትንፋሽ... አትንካት።"

"እታለም ሙች! እኔ ቆሻሻ ያለበት ሥራ አስረክቤ አላውቅም!"

ትንፋሽ መቁረጥ ለኛ ሙያ ጥፍር እንደ መቁረጥ ነው። ስንት ሺህ ቆርጬ ጥያለሁ! ስክሪኑ ላይ መስመሯን መረጥኳት።

"አንተ ልጅ! እባክህ..."

የመሠረዣውን ቁልፍ ተጫንኩት።

ጠፋች።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ የማቀዝቀዣው ጉምጉምታ ቆመ። ወንበሬ ሁልጊዜ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ስነቃነቅ ዝም አለ።

ዞርኩ።

የእታለም አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ድምፅ የለም። ዓይኗ ፈጦ እኔ ላይ ተተክሏል። ገባኝ... ትንፋሿ ቆሟል! እናቴን የተካችው እህቴ ዓይኔ እያየ ልትሞትብኝ ነው!

ጣቶቼ በረዱ። ከድንጋጤ ነው። ከንፈሬ ደነዘዘ። እሱም ከድንጋጤ ነው። እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ የጣሪያው አምፖል ከፊት ለፊቴ መጣ። እታለም በላዬ ላይ ጎንበስ ብላ ስታወዛውዘኝ አየሁ። ምስኪን፣ እየሞተች እንኳ ለኔ ትጨነቃለች!

እንደምንም የሠረዝኩትን የሚመልሰውን ቁልፍ ነካሁ። መስመሯ ስክሪኑ ላይ ተመለሰች። ትንፋሽ ግን አልተመለሰም።

ያን ጊዜ ጥጉ ላይ ያለው ዋናው ቴፕ መዞር ጀመረ። ያስነሳሁት እኔ ነኝ። መሆን አለበት። እታለም የቴሌቪዥን መክፈቻ እንኳ አታውቅም።

ፒያኖው ቆመ። ዝምታ...

ሽው...

ተነፈሰች። አዳንኳት!

ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንቱ ነው። ቴፑን ከነማጫወቻ ማሽኑ ወደ ቤት አምጥቼዋለሁ። ሸክላው አልወጣም። ድርጅቱ ሦስት ጊዜ ደወለ። ምን ልበላቸው? ቴፑ ከቆመ እህቴ ትሞታለች ልበል?

ቀንና ሌሊት ይዞራል። ሲያልቅ ወደ መጀመሪያው ማጠንጠን ያስፈልጋል። አርባ ሰከንድ። በነዚያ አርባ ሰከንዶች እንተያያለን። እጇን አጥብቄ እይዛለሁ። ሌላ የማደርገው የለም።

ቴፑ ግን አርጅቷል። በዞረ ቁጥር ቡናማ ዱቄት ያራግፋል። ትናንት የሙሽራው ድምፅ ጠፋ። ዛሬ ጠዋት ፒያኖው። እኔ ነኝ ያለ ባለሙያ፣ ዱቄቱን በጣቴ እየጠረግሁ ቁጭ ብያለሁ።

ሐኪሙም መጥቶ ነበር። የኔን ደረት ብዙ ካዳመጠ በኋላ ምንም ሳይለኝ እሷን ወደ ማድ ቤት ወስዶ አነጋገራት። ለምን እኔን እንዳዳመጠ አልገባኝም።

አሁን ይህን ስጽፍላችሁ እታለም አጠገቤ ናት። በትከሻዬ ላይ አጮልቃ ታነባለች።

"ምንድነው የምትጽፈው?"

"እውነቱን።"

እስከዚህ ድረስ አነበበችው። ትስቅብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀችም።

"ወንድሜ" አለች ቀስ ብላ። "የኔ ትንፋሽ መቼ ቆመ?"

"እታለም፣ በዓይኔ አይቼ..."

"ስማኝ። ያ ዘፈን የተቀዳ ቀን ልጅ የሚይዝልኝ ሰው አጥቼ ይዤህ ገባሁ። ሰባት ዓመትህ ነበር። ጉንፋን ይዞህ ነበር። እግሬ ሥር አስቀምጬህ፣ 'ፀጥ በል፣ እንዳትተነፍስ' አልኩህ።"

ወደሚዞረው ቴፕ ቀና አልኩ።

"አላስቻለህም፤ ተነፈስክ" አለች። "ስቱዲዮህ ውስጥም መሬት ላይ የወደቅከው አንተ ነህ። ቴፑን ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ቁልፎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ስነካ ተነሳ።"

ጣቴ ላይ የቀረውን ቡናማ ዱቄት አየሁት።

"እኔ አራቷን ስንኝ ሰምቻለሁ። ጠገብኩ። ግን እኔ ስሄድ ማን ያጠነጥንልሃል?"

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ።

ቴፑ አለቀ። ጠፍ... ጠፍ... ጠፍ...

ተነስታ ማጠንጠኛውን ተጫነች። ተመልሳ ግራ እጄን ያዘች። ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ዛሬ ገና አየሁት።

"ሠላሳ ስምንት..." ትላለች። "ሠላሳ ዘጠኝ... አርባ..."

ማሽኑ ገና እያጠነጠነ ነው።

"አርባ አንድ..."

እጄን ጨመቀችው።

"አርባ ሁለት..."