ሻራክ ኑም ዶራ

«ይኸው! ይኸው ደግሞ ጀመረው!» የቀጮ አክስት ከወንበሯ ተስፈንጥራ ተነሳች።

የቀጮ ታናሽ ወንድም ማሙሽ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ የፕላስቲክ ፈረሱን ያስጋልባል። ድምፁን አጎርንኖ፣ «ሻራክ ኑም ዶራ... ሻራክ ኑም ዶራ...» ይላል። ገና ስድስት ዓመቱ ነው።

«ሰሙት አይደል፣ አባ? ይሄ የሰው ቋንቋ ነው?»

አክስቷ የጠራቻቸው ቄስ ልጁን አዩት። እናቱ የምትሰፋውን ዩኒፎርም ጭኗ ላይ ጨምድዳ ይዛለች።

ቀጮ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትሰማለች። ቀጮ የሚሏት ስለቀጠነች ነው፤ ዛሬ ደግሞ ይባስ ብላ ከበሩ ጀርባ ጥፍት ብትል በወደደች። ቃሉን ከማንም በላይ ታውቀዋለቻ! ላፕቶፗ ላይ በምትጫወተው ጌም ዘጠነኛ ደረጃ ላይ፣ ቀንዳሙ ሰይጣን መስቀሉን ረግጦ ከቤተክርስቲያኑ መጋረጃ ጀርባ ሲወጣ የሚለው ነው። እናቷ ልብስ ልታደርስ ስትወጣ፣ ማሙሽን «ዝም ካልክ አሳይሃለሁ» ብላ አጠገቧ ታስቀምጠው ነበር። ዝም ብሎ አየ።

እሁድ ቤተክርስቲያን በር ላይ «መጋረጃው ጀርባ አለ! አልገባም!» ብሎ ሲንፈራገጥ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። አክስቷ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም።

«ነገውኑ ገዳም ይዤው እሄዳለሁ። ወርም ይፍጅ ዓመት፣ እስኪለቀው» አለች አክስቷ።

«እማዬስ?» አለ ማሙሽ ፈረሱን ጥሎ።

«እማዬ ሥራ አላት። ከኔ ጋር ነህ።»

ማሙሽ እሪ ብሎ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ገባ።

ቀጮ ሆድ ይፍጀው ብላ ልትተወው ትችል ነበር። ባለፈው ወር እናቷ ያንን ጌም አይታ «አጥፊው!» ስትላት፣ «አጥፍቼዋለሁ፣ እማዬ ትሙት!» ብላ ምላለች። በራሷ እናት! አሁን ምን አፍ አላት? ማሙሽ ግን ትንፋሹ እስኪቆራረጥ ያለቅሳል።

ላፕቶፑን አንስታ ሳሎን ገባች።

«ሻራክ ኑም ዶራ» አለች ጮክ ብላ።

«ወይኔ ጉዴ! ወደሷም ተጋባ!»

«አልተጋባም፣ አክስቴ። ከኔ ነው የሰማው።» ጠረጴዛው ላይ ከፈተችው። ሰይጣኑ እያጓራ ከመጋረጃው ወጣ፤ ያንኑ ቃል አለ። ቄሱ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ይሄ ነው እንዴ? እኛስ ቤተክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የምንስለው ከዚህ የባሰ ያስፈራል» አሉ።

ማንም አልሳቀም። እናቷ ስክሪኑን ዞር ብላ እንኳ አላየችም። ቀጮን ነው የምታየው።

«በኔ ምለሽ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«አዎ። ዋሽቼሻለሁ፣ እማዬ።»

ብትጮህባት ይሻላት ነበር። እናቷ ግን የጨመደደችውን ዩኒፎርም አጥፋ አስቀመጠች።

ማሙሽ ከቀሚሱ ውስጥ አንድ ዓይኑን አወጣ። «እዛ መጋረጃው ጀርባስ... የለም?»

ቀጮ ላፕቶፑን እንደተከፈተ ትታ ጫማውን ከሶፋው ስር አወጣች። «ና፣ አብረን ሄደን እናያለን። እጅህን አልለቅም።»

አንዱን አጥልቃለት ክሩን ማሰር ጀመረች። እናቷ አሁንም አላናገረቻትም። ሌላኛውን ጫማ ግን አንስታ አጠገቧ ተንበረከከች።