ግድግዳው ላይ የተንበረከከችው ሴትዮ

ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ "ሂድና እንቅልፍህን ጨርስ" የምል ሰው ነኝ፣ ይሄንንም ያየሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፣ እመኑኝ፣ ዛሬም ሳስበው ከፍርሃቱ ቀድሞ የሚመጣብኝ ንዴቱ ነው።

እትዬ ሰብለ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ለቤት ሠራተኝነት ስዊዘርላንድ፣ ጄኔቭ፣ ኦ ቪቭ የሚባል ሰፈር አመጣችኝ፣ ፓስፖርቴንም ያኔውኑ ወሰደችው (አንቱታውን ፊቷ እንጂ እዚህ አልጽፍላትም)። ዙሪክ አፎልተርን ያለችው እህቴ ልትወልድ ስትቃረብ "ፓስፖርቴን ይስጡኝና ልሂድ" አልኳት እትዬን፣ እሷ ግን ልጆቿን እንድይዝላት ለዕረፍት ጣሊያን ይዛኝ ሄደች፣ ባቡሩ ውስጥ ፓስፖርቴን ለድንበር ፖሊሱ ስታሳይ አይቻለሁ፣ ሆቴል ስንደርስ "ጠፋ" አለችኝ፣ በቃ፣ እንደ መሐረብ።

በማግስቱ ኮረብታ ላይ ወዳለች ከተማ ወጣን፣ በየመታጠፊያው ቤተ ክርስቲያን ነው። አንዱ ጋ ልጆቹ ውጪ እርግብ ሲያባርሩ እኔ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።

"ጫማሽን አድርጊ፣ አታሳፍሪኝ" አለች እትዬ ከኋላዬ።

ግድግዳው ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋለች፣ እግሯ ሥር አንዲት ጌጠኛ ሴትዮ በጎን ተስላ ተንበርክካለች። እኛ ጋ እንዲህ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ከሃዲ ነው።

"ይቺ ምን አጥፍታ ነው?" አልኩ።

"ሥዕሉን ያሠራችው ባለጸጋ ናት፣ መሃይም።"

"እንግዲያው በሥዕሉ ፊት ይማሉልኝ፣ ፓስፖርቴ ጠፍቷል?"

ሳቀች። "የጣሊያን ሥዕል ደግሞ አማርኛ ይሰማል? እሺ፣ ማርያምን ጠፍቷል።"

ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ነገር ሰማሁ፣ ኖራው እንደ አሸዋ ወለሉ ላይ ረገፈ፣ ቀና ስል፣ ከዋሸሁ እህቴን አያሳየኝ፣ ሴትዮዋ ፊቷን አዙራ በሁለት ዓይኗ እትዬን ታያታለች። እትዬ ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና "አቧራ ገባብኝ" አለች።

በባቡር ስንመለስም እጇን ከዓይኗ አላነሳችም። የድንበር ፖሊሱ ሲመጣ ጠፋ ያለችው ፓስፖርቴ ከዚያው ከቦርሳዋ ወጣ፣ ከእሱ እጅ እኔው ተቀበልኩት፣ እሷ ዞራም አላየችኝ፣ ጄኔቭ ጣቢያ ሻንጣዋን አስቀምጬላት የዙሪክን ባቡር ያዝኩ።

ባለፈው ሳምንት እዚያ ስለተውኩት ካፖርት ልጠይቅ ደወልኩ፣ አዲሷ ሠራተኛ አነሳች።

"እትዬ ደህና ናት?"

"ደህና ናቸው። ግን እህቴ፣ ከመጣሁ አራት ወሬ ነው፣ ሁሌ በሩን ገርበብ አድርገው በግማሽ ፊት ነው የሚያናግሩኝ፣ አንቺንም እንዲህ ነበር የሚያናግሩሽ?"

"ፓስፖርትሽ የት ነው?" አልኳት።

 ከኋላዋ በር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ፣ ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እደውላለሁ፣ የሚያነሳ የለም።