በቅጹ ላይ የሞቱት መሪጌታ

አልጣሽ ደምለውን ያገኘችው በ1999 ዓ.ም. ነሐሴ ውስጥ፣ ደባርቅ ላይ በረዶ ሲወርድ ነው። ከዳባት ያመጣት አውቶቡስ ገና መናኸሪያው ከመግባቱ ሰማዩ ተቀደደ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷንና የስኮላርሺፕ ቅጿን የያዘውን ፖስታ ነጠላዋ ውስጥ ሸጉጣ ሮጠችና አንድ የቆርቆሮ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለለች።

በረንዳው ጠባብ ነው። ከጎኗ የቆመው ረጅም ወጣት የበቅሎ ጭነት የሚሸፈንበት ላስቲክ አጥፎ ይዟል። የፖስታዋ ጠርዝ ሲረጥብ አየና ላስቲኩን ዘርግቶ አቀበላት።

«የበቅሎ ልብስ ለእኔ?» አለችው።

«በቅሎዋ ፈተና አልፋ አታውቅም» አላት። «አንቺ ግን ያለፍሽ ትመስያለሽ።»

ሳቀች። በረዶው እስኪያባራ እሱ ሊያያት ሲል እሷ መንገዱን ታያለች፣ እሷ ልታየው ስትል እሱ ጫማውን ያያል።

ደምለው በበጋ ፈረንጆችን ወደ ጊችና ወደ ራስ ዳሽን የሚመራ አስጎብኚ ነው። ክረምት ላይ ሥራ ስለሚጠፋ፣ አልጣሽ ቅጿን ልታስገባ ለመጣችበት ቢሮ ይተረጉማል። ቢሮው ከኖርዌይ የመጣ የአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ድርጅቱ በየዓመቱ ከአካባቢው ተማሪዎች ይመርጥና አንዳንዱን አገር ውስጥ፣ አንዱን ደግሞ ባሕር ማዶ ወስዶ እስከ መጀመሪያ ዲግሪ ያስተምራል።

አልጣሽ ጂኦሎጂ መማር ነበር የምትፈልገው። በአካባቢው ያለው ያ ሁሉ ገደል እንዴት እንደተፈጠረ ለማወቅ ከልጅነቷ ጀምሮ ትጓጓለች። እናቷ ወይዘሮ አበባየሁ የሞቱት ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ያሳደጓት አባቷ፣ ዳባት ላይ ቅኔ የሚያስተምሩት መሪጌታ ገብረ ኪዳን ናቸው። ካህን ወንድሞቻቸው «ለሴት ልጅ ይኼን ያህል ትምህርት ምን ያደርጋል?» ሲሏቸው «እናንተ ደግሞ ለወንዶቹ ምን አደረገላችሁ?» ብለው ዝም ያሰኟቸው ሰው ናቸው።

ደምለው ለቃለ መጠይቁ እንግሊዝኛ ሊያለማምዳት ተስማማ። በገበያ ቀን ከዳባት ትመጣለች፤ የላማሊሞ ገደል ቁልቁል ወደሚታይበት ጫፍ ወጥተው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። እሱ ይጠይቃታል፣ እሷ ትመልሳለች። አንዳንዴ ጥያቄውን ይረሳዋል። ያን ጊዜ ሁለቱም ጉሙ ገደሉን ሲሞላ ያያሉ።

አንድ ቀን «የምነግርሽ ነገር አለ። የምነግርሽ ግን አውሮፕላን ልትሳፈሪ ስትይ ነው» አላት።

«ለምን አሁን አትነግረኝም?»

«አሁን ከነገርኩሽ እንድትቀሪ መለመኔ ነው። እንድትቀሪ አልፈልግም።»

አልጣሽ ዳባት እስክትደርስ በአውቶቡሱ መስኮት ብቻዋን ፈገግ ስትል ነበር።

መስከረም ሲጋመስ የቢሮው አስተባባሪ አቶ ክንዴ አስጠራት። ሰውዬው ወረቀት በገለጠ ቁጥር ጣቱን ይልሳል። የተማሪዎቹን ፎቶ ሳይቀር በዚያ በረጠበ ጣቱ ነው የሚያገላብጠው። አንድ በእንግሊዝኛ የተተየበ ገጽ ሰጣትና «ታሪክሽ ይኼ ነው። በቃልሽ ያዢው» አላት።

ቆማ አነበበችው። እናቷ በወሊድ፣ አባቷ ደግሞ በወባ እንደሞቱ ይናገራል። አንዲት አሮጊት ጎረቤት ቤት ተጠግታ እንደምትኖርም ይናገራል።

«አቶ ክንዴ፣ ተሳስቷል። አባቴ አሉ።»

«እንዳሉ አጣሁት? ደግ ሰው ናቸው።» ጣቱን ላሰ። «ግን ምን ላድርግሽ፣ ግማሽ የሙት ልጅ ፈረንጅ አይገዛም።»

ከመሳቢያው ፌስታል አወጣና ከውስጡ አንድ ቀሚስ ጎትቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለላት። «ይቺን ልበሺና ጫማሽን አውልቂ። ፎቶ አንሺው እየጠበቀ ነው።»

ቀሚሱ መልኩ የጠፋ ነው። ትከሻው ላይ ያለው ቀዳዳ ተቀዶ የተፈጠረ አይደለም፣ ጠርዙ በመቀስ የተቆረጠ ነው። ስታነሣው የሻገተ ላብ ሸተታት፤ የአንድ ሰው ላብ አልነበረም። ቀና ስትል ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን የቀደሙ ልጆች ፎቶዎች አየች። ሦስቱ ሴቶች ይህንኑ ቀሚስ ለብሰዋል።

ግን ለበሰችው። ፎቶ አንሺው «አትሳቂ» አላት፤ እሷ ግን ለመሳቅ አላሰበችም ነበር።

ደምለውን ውጭ ቆሞ አገኘችው። ወረቀቱን ደረቱ ላይ ለጠፈችለት።

«ይኼን ማን ጻፈው?»

ፊቱ ደም መሰለ። «እኔ ነኝ።»

«አባቴን ገድለህ?»

«አልጣሽ፣ እኔ ባልጽፈው ሌላ ሰው ይጽፈዋል። እውነቱን ብጽፍ ኖሮ ቅጽሽ ኦስሎ ሳይደርስ እዚሁ ይቀር ነበር። እንድትሄጂ ፈልጌ ነው። ላንቺ ብዬ ነው።»

ልትሰድበው አፏን ከፈተች። ከዚያ ደግሞ ዘጋችው። ለእሷ ብሎ መሆኑን አምናለች። ከዚያ የባሰው፣ ወረቀቱን መቅደድ ስትችል አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ማስገባቷ ነው።

ቃለ መጠይቁ ሆቴል ውስጥ ነበር። ከኖርዌይ የመጣችው ኢንግሪድ ጸጉሯ የሸበተ፣ ዓይኗ የዋህ ሴት ናት። «በራስሽ ቋንቋ ተናገሪ፤ ከልብሽ የሚመጣው በሱ ነው» አለቻት። ደምለው በመካከላቸው ተቀመጠ።

ስለ ውጤቷና ስለ ገደሉ ጠየቀቻት፤ አልጣሽም ሞቅ ብላ መለሰች። ከዚያ ኢንግሪድ እጇን ያዘቻትና ዝግ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቀች። ደምለው ዓይኑን ሳያነሣ ተረጎመው።

«የአባትሽን ፊት ታስታውሺያለሽ ወይ? ነው የምትልሽ።»

በዚያው ጠዋት አባቷ ቁርሷን አብልተው፣ የአውቶቡሱ በር እስኪዘጋ ቆመው ሸኝተዋታል። ጋቢያቸው በንፋሱ ሲውለበለብ በመስኮት አይታዋለች።

«አላስታውስም» አለች።

ደምለው ለመተርጎም ቆየ። እሷም እንዲያርማት የፈለገች ይመስል አየችው። በመጨረሻ ተረጎመው። ኢንግሪድ አለቀሰችና አቀፈቻት፤ አልጣሽ ደግሞ የሴትዮዋ እንባ አንገቷ ላይ ሲወርድ የገዛ አፏን ተጸየፈችው።

አለፈች። የተመረጠችበት ደብዳቤ በሦስተኛው ቀን ተሰጣት። ኢንግሪድ ተራራውን ልታይ በደምለው መሪነት ወጣች፤ አልጣሽ ወደ ዳባት ተመለሰች።

መሪጌታ ገብረ ኪዳን ደብዳቤውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ተሳለሙት። «በይ አንብቢልኝ። በፈረንጅኛ ካነበብሽ በኋላ በአማርኛ ትነግሪኛለሽ» አሏትና ዓይናቸውን ጨፍነው ለመስማት ተዘጋጁ።

ሁለተኛው መስመር ላይ «ለሟች ወላጆችሽ መታሰቢያ እንዲሆን» ይላል። አልጣሽ እዚያ ስትደርስ ማንበቧን አቆመች። ወደ ደጅ ወጥታ አጥሩን ተደግፋ አስመለሳት። ስትመለስ አባቷ ውሃ ይዘው ቆመዋል። ውሃውን ሳትቀበል ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ነገረቻቸው። ፎቶውንም ቀሚሱንም አልደበቀችም።

እሳቸው ውሃውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«አባትሽ በምን ሞተ አሉ?»

«በወባ።»

«በዚህ ብርድ?» ፈገግ አሉ። «ዳባትን አያውቋትም ማለት ነው።» ከዚያ ፈገግታቸው ጠፋ። «ልጄ፣ ይኼ ወረቀት እኔን አይገድለኝም። ለስንቱ ፍትሐት ደርሻለሁ፤ ሞትና ወረቀት አይምታታብኝም። ሂጂና ተማሪ።»

«ወረቀቱ ብቻ አይደለም፣ አባቴ። ፈረንጇ የአባትሽን ፊት ታስታውሺያለሽ ወይ ስትለኝ፣ አላስታውስም ብያለሁ። በአፌ።»

መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ በፊት አባቷ እንዲያ ሲያደርጉ አይታ አታውቅም።

«እሱስ ይከብዳል» አሉ ቆይተው።

ኢንግሪድ ከተራራው በወረደችበት ቀን አልጣሽ ደባርቅ ሆቴሉ በር ላይ ትጠብቃት ነበር። አቶ ክንዴም አበባ ይዞ ቆሟል። መኪናው ሲቆም አልጣሽ ቀድማ ሄደችና በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ «አባቴ በሕይወት አሉ። ዋሽቼሻለሁ» አለቻት።

ኢንግሪድ የተሳሳተች መስሏት ደምለውን ጠራችው። ሻንጣዋን ትከሻው ላይ እንደተሸከመ መጣ።

«ከደስታዋ ብዛት ግራ ተጋብታ ነው በላት» አለው አቶ ክንዴ በአማርኛ፣ እየሳቀ።

አልጣሽ ደምለውን አየችው። እሱም አያት። ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠና በእንግሊዝኛ፣ እሷም እንድትሰማው ቀስ ብሎ፣ «አባቷ አሉ። እናቷ ብቻ ናቸው የሞቱት። የሐሰቱን ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያስጻፈኝ ይኼ ሰው ነው። ለሰባት ልጆች ጽፌያለሁ» አለ።

ለሰባት ልጆች።

አልጣሽ ውስጥ የነበረው ትንሽ ነገር ያን ጊዜ ጠፋ። ስለ እሷ ብሎ የሠራው፣ ለእሷ ብቻ የሠራው በደል መስሏት ነበር። እንደ ፍቅር ቆጥራ በልቧ ይቅር ልትለው የደረሰችበት ውሸት የዘወትር ሥራው ኖሯል።

«አትከተለኝ» አለችውና መናኸሪያው ድረስ ወደ ኋላ ሳትመለከት ሄደች።

ድርጅቱ ደባርቅ የነበረውን ቢሮ ዘጋ፤ የአልጣሽንም ስኮላርሺፕ ሰረዘ። ከሰባቱ ልጆች ሁለቱ ግን በእውነትም ወላጅ አልነበራቸውም፤ እነሱም ከሌሎቹ ጋር ተሰረዙ። የአንደኛዋ አክስት መንገድ ላይ አልጣሽ እግር ሥር እንትፍ አለችባት። «አንቺ ጻድቅ ልትባዪ የኔን ልጅ ገደል ከተትሽ» አለቻት። አቶ ክንዴ በስድስት ወሩ ጎንደር ላይ በሌላ ድርጅት ተቀጠረ። የሥራ ባልደረቦቹ «የሕፃናት ወዳጅ» የሚል ሰርተፍኬት እንደሰጡት አልጣሽ ስትሰማ ምግብ አልወርድ አላት።

መንግሥት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ መደባት። ጂኦሎጂ አልነበረም። ተማረችው።

ደምለውን አስጎብኚ አድርጎ የሚይዘው ጠፋና ለአንድ በጋ የሌሎችን ጭነት በበቅሎ እየጫነ ራስ ዳሽን ሥር ወዳለችው አምቢኮ ተመላለሰ። ከዚያ አንድ ቀን ዳባት ሄዶ መሪጌታ ፊት ተንበረከከ።

«የኔታ፣ በወረቀት የገደልኩዎ እኔ ነኝ።»

«ተነሥ» አሉት። «ቆመህ ንገረኝ። ተንበርክከህ የምትናገረው አይሰማኝም።»

ቆሞ ነገራቸው። የሰባቱን ልጆች ስም አንድ በአንድ ጠየቁት። ሲጨርስ «ሁለቱስ? እውነተኞቹ?» አሉት። ደምለው ወጥቶ ሄደ።

ይህን ለአልጣሽ የነገሯት ለፋሲካ ቤት ስትመጣ አባቷ ናቸው። «ይቅር አልኩት አልልሽም» አሏት። «ግን ልጁ ሥራ ጀምሯል።»

ሥራው ይህ ነበር፤ ለሁለቱ ልጆች በየአገሩ ስኮላርሺፕ እያፈላለገ ማመልከቻ ይጽፋል። እውነቱን ብቻ። አክስቲቱ ለምታሳድጋት ለጥበብ ሁለት ዓመት ያህል ጻፈ፤ አሥራ አንድ ቦታ እምቢ አሏት።

በ2002 ዓ.ም. ለገና ወደ ዳባት ስትሄድ፣ አልጣሽ በጎንደር መናኸሪያ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ደምለው ተሳፈረ። ከስቷል፤ ጸሐይና ብርድ ፊቱን አጥቁሮታል። እሷን ሲያይ መተላለፊያው ላይ ቆሞ ቀረ። ከኋላው ያሉት ሰዎች «እለፍ እንጂ!» ይሉታል።

«አሁንም አስጠላሻለሁ?» አላት በዝግታ።

«ታስጠላኛለህ» አለችው። «እኔም ራሴ ያስጠላኛል። አላለቀልኝም።»

«ልውረድ?»

አልጣሽ በመስኮቱ ውጭውን አየች። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህንን ጸያፍ ነገር ብቻዋን ስትሸከም ከርማለች። ክፍሏ ያሉ ልጆች ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ብትነግራቸውም ያንን ቀሚስ አልሸተቱት፣ አይገባቸውም። በዓለም ላይ ያንን ክፍል፣ ያንን ጥያቄና ያንን «አላስታውስም» የሚያውቅ አንድ ሰው ይኸው እፊቷ ቆሟል። እየተጸየፈችውም ቢሆን ናፍቃው እንደነበር ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

ቦርሳዋን ከጎኗ ወንበር አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገች።

ተቀመጠ። አምባ ጊዮርጊስ ሲደርሱ ደምለው ከኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣ።

«የጥበብ ነው። አሥራ ሁለተኛው። ከመላኬ በፊት ሌላ ሰው እንዲያየው ፈልጌ ነበር።»

ተቀብላው አነበበችው። በየመስመሩ እያቆመች «ይኼ እውነት ነው?» ትለዋለች፣ «እውነት ነው» ይላታል። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ግን ቅንድቧን ሰበሰበች።

«በየቀኑ ሦስት ሰዓት በእግሯ ትሄዳለች ይላል።»

ደምለው አንገቱን ደፋ። «ሁለት ይሆናል።»

«ስክሪብቶ አለህ?»

ሰጣት። አውቶቡሱ እየናጣቸው፣ እሱ ወረቀቱ እንዳይንቀሳቀስ ጠርዙን ያዘላት፣ እሷ «ሦስት» የሚለውን ሰርዛ በላዩ «ሁለት» ብላ ጻፈች።